ከባድ ማርሽ

መስዑዳ ዘጠነኛውን እንቁላል መጥበሻው ላይ ስትሰብር ነው የሰማችው። የሌክ ሃይላንድስ አፓርታማ ግድግዳ ምስጢር አያውቅም፤ ሳሎን ላስነጠሰ ሰው ኩሽና ያለው ይማርህ ይላል። «ሹፌሩ ሙዓዊያ ነው፣ በቃ» አለ ታላቅ ወንድሟ ሲራጁዲን ሻዩን ፉት እያለ። «እሷም እኮ ታውቃለች፤ አታውቅም አልወጣኝም። ግን ያው፣ ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቃል።» የአጎታቸው ልጅ ሙዓዊያ ሳቀ። መስዑዳ እንቁላሉን ከነቅርፊቱ መጥበሻው ውስጥ ለቀቀችው። ቅርፊቱን ስትለቅም ጣቷን ፈጃት።

ነገሩ ሌላ ቀን ቢሆን ኖሮ ሰምታ እንዳልሰማች ታልፈው ነበር። ግን ሐሙስ ዕለት፣ ስምንት ዓመት ሙሉ የአረጋውያን አንሶላ ያጠበችበትን የነርሲንግ ሆም ላውንድሪ በሳምንቱ መጨረሻ እንደምትለቅ ለአለቃዋ ጽፋ ሰጥታለች። ምክንያቱ ይኸው የሹፌርነት ሥራ ነው። ከዳላስ በስተደቡብ፣ ሴዳር ሂል አካባቢ፣ አንድ የድንጋይ ማውጫ ካባ የአቧራ ማብረጃ ውሃ ከጉድጓዱ ሥር ወደ ላይኛው ሜዳ በሳምንት ስድስት ቀን የሚጎትትለት ባለመኪና ይፈልጋል። ማስታወቂያውን ጋዜጣ ላይ ያገኘችው መስዑዳ ናት፤ ኮል ያደረገችውም እሷ፣ ቅዳሜ ለሙከራ ኑ የተባለችውም እሷ። ሲራጁዲን መኪናውን ይገዛል፣ ኮንትራቱም በእሱ ስም ይሆናል፤ እሷ የጠየቀችው መሪውን ብቻ ነበር። «እናያለን» አላት። በእኛ ሰው ቤት «እናያለን» የጨዋ እምቢታ መሆኑን መስዑዳ አታጣውም። ግን ሰው አንድ ነገር አጥብቆ ሲፈልግ ጆሮው የወደደውን ነው የሚሰማው፤ እሷም እሺ እንዳላት ቆጥራ ከላውንድሪው ተሰናበተች።

የሲራጁዲን ሚስት ሁመይራ ልጆቹን ካርቱን ፊት አስቀምጣ ወደ ኩሽና ገባች፤ የመስዑዳን ፊት አየት አድርጋ ሳንድዊቾቹን በፎይል መጠቅለል ጀመረች። ኩሽናዋ ሁለት ሴት ጎን ለጎን ካቆመች ፍሪጁ አይከፈትም፤ ለዚህች ቤት ነው እንግዲህ በወር አምስት መቶ አርባ አምስት ዶላር የሚከፍሉት።

«ሰማሽው አይደል?» አለች ሁመይራ።

«ምኑን?»

«ተይ እንግዲህ። ወላሂ ያ ሰውዬ ምላሱን የሚይዝለት የለም። ሶ፣ ዛሬ ምን ልትሆኚ ነው የምትሄጂው?»

«አስተርጓሚ ነኛ» አለች መስዑዳ። እውነቷን ነው። የሲራጁዲን እንግሊዝኛ ከ«ሃው ማች» እና ከ«ኖ ፕሮብሌም» ብዙም አይርቅም፤ የሙዓዊያም ከሱቅ አያልፍም። ሁመይራ የመጨረሻውን ሳንድዊች ጠቅልላ ሰጠቻት።

ፓርኪንጉ ላይ ሁለት ናፍጣ ጠጪ ጉልቤ ፒክአፖች ቆመዋል፤ ነጭ ፎርድና ቀይ ዶጅ። ሁለቱም አራቱም ጎማቸው የሚገፋ፣ ሁለቱም በእጅ ማርሽ የሚነዱ ናቸው። ሲራጁዲን በቶው ትራኩ የተበላሸ መኪና የሚጎትትላቸው ሁለት የጋርላንድ የመኪና ነጋዴዎች፣ እስከ ማታ ሞክረህ የማትፈልገውን መልስ ብለው የሰጡት ናቸው። ፎርዱ አሥራ ስድስት ሺህ ዘጠኝ መቶ፣ ዶጁ አሥራ አምስት ሺህ አምስት መቶ። የቱ ዳገት ይወጣል በሚለው ሦስት ሳምንት ሙሉ ቤቱ ሰላም አልነበረውም። ሲራጁዲን ለፎርድ ጠበቃ ቆሟል፤ ማስረጃው «ፖሊስ የሚነዳው ምንድን ነው?» የሚል ነው። ሙዓዊያ ደግሞ «አቦ፣ የዶጁን ድምፅ ስማው እንጂ! ይሄ እኮ ሞተር አይደለም፣ ወፍጮ ቤት ነው» ይላል፤ ማሞገሱ ነው። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም እንዲሉ፣ እራት ቀርቦ እስኪቀዘቅዝ ይከራከራሉ። የሚገርመው ሁለቱም ሰዎች ጭነት እየጎተቱ ጉብታ እንኳን ወጥተው አያውቁም። ዳላስ እንደ ትሪ የተዘረጋች ሜዳ ናት። ሲራጁዲን ደሴ እያለ ጨርቅ ነጋዴ ነበር፣ መንጃ ፈቃድ ያወጣው እዚሁ ነው፤ ሙዓዊያም መሪ የያዘው እዚሁ ነው። ዳገት የሚያውቅ አንድ ሰው በመካከላቸው ነበር፤ እሱን ደግሞ የጠየቀ የለም።

በሰባ ሰባቱ ድርቅ መስዑዳ ኮምቦልቻ፣ አንድ የእርዳታ ድርጅት ጋራዥ ውስጥ ትሠራ ነበር። መጀመሪያ ሥራዋ ሰዓት መያዝ ነው። አዲስ የገባ መኪና ሁሉ፣ ላንድ ክሩዘሩም ፓትሮሉም ላንድሮቨሩም፣ እህል ይዞ ወደ ሰሜን ከመላኩ በፊት እኩል ጭነት ይጫንበትና የሐረጎን ዳገት ወደ ደሴ ይወጣል፤ እሷ ደቂቃውን ትጽፋለች። በኋላ ሹፌር ሲጠፋ መሪውን ራሷ ያዘች፤ ሁለት ዓመት ሐረጎን በየቀኑ ወጣች፣ በየቀኑ ወረደች። ይህን ሲራጁዲን አሳምሮ ያውቃል። እንግዳ ፊት ግን «ጸሐፊ ነበረች» ነው የሚለው።

ሙዓዊያ ዶጁን ይዞ ከፊት ሄደ፤ ሲራጁዲን ፎርዱን እየነዳ ከመስዑዳ ጋር ተከተለ። ግንቦት ገና ሳይጋመስ ሙቀቱ መስታወት ላይ ይፋጃል። አርባ ደቂቃ ሲሄዱ ወንድሟ የተናገረው አንድ ነገር ነው፤ «ናፍጣ አንድ ዶላር ከአሥራ ዘጠኝ ገባ» አለ። እሷ «እ» አለችው። መናገር አልፈለገችም ማለት አይቻልም፤ ከትናንት ወዲያ ሥራ መልቀቋን ልትነግረው ሦስት ጊዜ ጉሮሮዋን ጠርጋለች። ግን ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ነግራው «ማን ልቀቂ አለሽ?» ቢላትስ? ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አጥብቃ ይዛ መንገድ መንገዱን አየች።

የካባው ኃላፊ ካልቪን የሚባል ቀጭን ሽማግሌ ነበር፤ ከጫማው እስከ ራስ ቁሩ የድንጋይ ዱቄት ለብሷል። እጃቸውን ጨብጦ ጊዜ ሳያባክን ዳገቱን አሳያቸው። ከጉድጓዱ ሥር የሚነሳ፣ መቶ ሃምሳ ሜትር የሚሆን፣ ወገቡ ላይ ወደ ግራ የሚታጠፍ፣ በላላ ጠጠር የተሸፈነ መንገድ ነው። ከሥሩ ሺህ ጋሎን ውሃ የሞላ ተሳቢ ቆሟል። ይህን ጎትቶ ያለ ሌላ መኪና እርዳታ አናት ላይ ያደረሰ ኮንትራቱን ይወስዳል። ከሰዓት በኋላ ሌላ ተወዳዳሪ ስለሚመጣ የእነሱ ጊዜ እስከ እኩለ ቀን ብቻ ነው። መስዑዳ ሁሉንም አንድ በአንድ ተረጎመች። ዳገቱን ስታየው ልቧ ዘለለ፤ ሐረጎን አያህልም፣ ግን ዳገት ነው፣ በዚህ ሁሉ ዓመት ያየችው የመጀመሪያው እውነተኛ ዳገት።

ተሳቢው መጀመሪያ ከዶጁ ጋር ተያያዘ፤ ሙዓዊያ ገብቶ ሞተሩን አስነሳ። ከማርሹ ዘንግ አጠገብ አራቱን ጎማ የምታዝ ሌላ አጭር ዘንግ አለች፤ በአንድ በኩል ኤች፣ በሌላ በኩል ኤል ተጽፎባታል። ካልቪን ወደ መስዑዳ ዞሮ ሎው ላይ ያስገባው በይልኝ አላት። እሷም ሹፌር ለሹፌር እንደሚለው አድርጋ ተረጎመች፤ «ከባዱ ላይ አስገባው ይልሃል።» እዚህ ላይ ነው ነገሩ የተበላሸው። ሀገር ቤት ጉልበት ያለው ማርሽ ከባድ ይባላል፣ ፈጣኑ ቀላል። ፈረንጅ ደግሞ ጉልበተኛውን ሎው፣ ፈጣኑን ሃይ ይላል። ሙዓዊያ የአማርኛውን ቃል በእንግሊዝኛው ሚዛን መዘነው። ከባድ ከሆነ ትልቅ ነው፤ ትልቅ ከሆነ ሃይ ነው። ዘንጓን ኤች ላይ ጫናት።

«ኤል ነው ሙዓዊያ! ኤል!» አለች መስዑዳ በመስኮቱ።

«እትዬ፣ ኤል እኮ ለቁልቁለት ነው። አርካንሶ ስንሄድ ሳይኑን አይተነዋል። ሎወር ጊር የሚለው ሁልጊዜ ቁልቁለቱ አፍ ላይ ነው። ማለቴ፣ ለመውጣት ሃይ፣ ለመውረድ ሎው። ሲምፕል!»

ስህተቱ ያስቃል እንጂ የሞኝ አልነበረም፤ ምልክቱ በእርግጥም ቁልቁለት ላይ ነው የሚተከለው። ሲራጁዲን ራሱ «ልክ ነው፣ እኔም አይቻለሁ» አለ። መስዑዳ ከባድ ማርሽ ለመውጣትም ለመውረድም እንደሚሆን ልታስረዳ ስትጀምር እጁን አነሳባት። «ተዪው፣ ሹፌሩ እሱ ነው። አንቺ ፈረንጁ ያለውን ብቻ ንገሪን።» እሷም ከመስኮቱ ራቀች። የራቀችው ተናዳ ነው፤ ይህን መደበቅ አያስፈልግም።

ሙዓዊያ ዳገቱን በሩጫ ሊበላው ተንደረደረ። እስከ ወገቡ ድረስ አቧራውን እያስነሳ ሲሄድ ለተመልካች ያምር ነበር። መታጠፊያው ላይ ፍጥነቱ ሲያልቅ ግን ጎማዎቹ ጠጠሩን መርጨት ያዙ፣ የተቃጠለ ፍሪሲዮን ሽታ ሜዳውን ሞላው፣ ሞተሩም ጠፋ። ሦስት ጊዜ አስነስቶ ሦስቴም ጠፋበት፤ መጨረሻ ላይ ወደ ኋላ እየተንሸራተተ ወረደ። የሲራጁዲን ፊት በራ፤ «አላልኩም? ፎርዱን አምጡት!» አለ። ፎርዱም ተያያዘ፣ ሙዓዊያም ዘንጓን ያው ኤች ላይ አድርጎ ያንኑ ሩጫ ሮጠ፣ ፎርዱም እዚያው መታጠፊያ ላይ ቆመ። አሁን የሚከራከር ጠፋ። «ሁለቱም ባዶ ናቸው፤ ለቤት ዕቃ መጫኛ እንጂ ለሥራ አይሆኑም። እንመልሳቸው» አለ ሲራጁዲን ፊቱን በመሐረብ እየጠረገ። ካልቪን ሰዓቱን አየ፤ ስለ መጡ እንደሚያመሰግን፣ መኪኖቹም ሰዎቹም ደህና እንደሆኑ፣ ግን እንዳልሆነ ለመስዑዳ ነገራት። አሁን የእሷ ሥራ ይህን ወደ አማርኛ መመለስ ነበር።

አልመለሰችውም። ወደ ካልቪን አንድ እርምጃ ቀርባ በእንግሊዝኛ ተናገረች፤ ኢትዮጵያ ውስጥ ናፍጣ መኪና ዳገት ላይ እየፈተነች ሁለት ዓመት እንደነዳች፣ መኪኖቹ ምንም እንዳልጎደላቸው፣ ሃያ ደቂቃ ቢሰጣት ሁለቱንም እንደምታወጣ። ካልቪን ከእግሯ እስከ ራሷ አያት፤ ነጠላ ጫማ አለማድረጓን ሳያረጋግጥ አልቀረም። ከዚያ የራሱን የራስ ቁር አውልቆ ሰጣት።

«ምን አልሽው?» አለ ሲራጁዲን። በስምንት ዓመት ውስጥ ሳይተረጎምለት የቀረ ንግግር ይህ የመጀመሪያው ነው። «መስዑዳ፣ ሰውዬውን ምን አልሽው?»

«እናያለን» አለችው።

መጀመሪያ መኪና ውስጥ አልገባችም። ዳገቱን በእግሯ ወጣች፤ ጠጠሩን በጫማዋ እየገፋች፣ መታጠፊያው ላይ ቆማ ተጎንብሳ እያየች፣ የትኛው ጠርዝ ድንጋይ የትኛው አፈር እንደሆነ ለየች። ወርዳ የተሳቢውን ማያያዣ ጨበጠችው፣ ጎማዎቹን በጡጫ መታች። ለሙዓዊያ የእጅ ሰዓቷን ፈትታ ሰጠችው። «ስነሳ ያዝ፣ አናት ስደርስ ቁረጥ፤ ስቆም ያለውን ቀንስልኝ።» ከዚያ ወደ ወንድሟ ዞረች። «ወንድም ጋሼ፣ አንተ ታኮ ይዘህ ከኋላ ትከተላለህ። መታጠፊያው ላይ አቆማለሁ፤ ስል ድንጋዩን ከተሳቢው ጎማ ሥር ታደርጋለህ።» ታኮ መያዝ የረዳት ሥራ ነው፤ ሲራጁዲን የረዳት ሥራ ሠርቶ አያውቅም። የተተኮሰ ሱሪውን አየ፣ ካልቪንን አየ፣ ጭንቅላት የሚያህል ድንጋይ አነሳና ታቅፎ ቆመ።

ፎርዱን አስቀደመች። ዘንጓን ኤል ላይ፣ ማርሹን አንደኛ ላይ አደረገች፤ «ቢስሚላህ» አለችና ፍሪሲዮኑን ቀስ ብላ ለቀቀችው። መኪናው የሽማግሌ እርምጃ ተራመደ። አቧራ የለ፣ ጩኸት የለ፣ ጎማ የሚረጨው ጠጠር የለ፤ ሺህ ጋሎኑ ከኋላ እሺ ብሎ ይከተላል። ሲራጁዲን ድንጋዩን ታቅፎ ከጎን ለመራመድ በቂ ጊዜ ነበረው፤ ላቡ ብቻ ይወርዳል። መታጠፊያው ላይ፣ ሞተሩ ደጋግሞ የጠፋበት ቦታ ላይ፣ መስዑዳ ሆነ ብላ አቆመች። «ታኮ!» ብላ ጮኸች። ወንድሟ ተንበርክኮ ድንጋዩን ጎማው ሥር ወሸቀ። አሥር ሰከንድ ያህል ጭነቱ ዳገቱ ላይ ቆመ። ከዚያ ፎርዱ ትንሽ ናፍጣ ጠይቆ ተነሳ፣ መታጠፊያውን ዞረ፣ አናቱ ላይ ወጣ። በወጣችበት ማርሽ መልሳ አወረደችው፤ ተሳቢው ተፈትቶ ከዶጁ ጋር ተያያዘ። እንደገና አንደኛ፣ እንደገና ኤል፣ እንደገና መታጠፊያው ላይ «ታኮ!» ሲራጁዲን በዚህኛው ጊዜ ሳይጠራ ነው የተንበረከከው። ዶጁ ሲነሳ መስዑዳ ቀኝ እግሯን ከናፍጣ መርገጫው ላይ አንስታ በመስኮት አሳየቻቸው፤ በፍሪሲዮን ብቻ፣ ያለ ምንም ናፍጣ፣ ጭነቱን ጎትቶ ሄደ። አናት ላይ ደርሳ ከመኪናው ወረደች። ጠርዝ የሌለው ደስታ ነው የያዛት፤ ከላይ ሆና ጉድጓዱን፣ የቆሙትን ሦስት ወንዶች፣ የሩቁን ሜዳ ስታይ መሳቅ ጀመረችና ማቆም አቃታት።

«ፎርዱ ሁለት ደቂቃ ከአሥር፣ ዶጁ ሁለት ከሃያ አራት» አለ ሙዓዊያ ሰዓቱን እየመለሰላት። አንገቱን አከከ። «እትዬ፣ እኔ እኮ እስከ ዛሬ የምነዳ ይመስለኝ ነበር።»

ሲራጁዲን ጉልበቱ ላይ ነጭ የድንጋይ ዱቄት ይዟል፤ አላራገፈውም። «ሶ፣ ፎርዱ አሸነፈ ማለት ነው» አለ ቀስ ብሎ። የጠየቀው እሷን ነበር።

«ሁለቱም ወጥተዋል፣ ሁለቱም ጉልበት አላቸው። ፎርዱ ይፈጥናል፤ መንገድ ላይ ቢሆን እሱን ግዛ እልህ ነበር። እዚህ ግን በቀን ሃያ ጊዜ ቆሞ መነሳት አለ። ለዚህ ሥራ ዶጁ ይሻላል።»

«ኦኬ» አለ ሲራጁዲን። ሦስት ሳምንት የተከራከረበት ነገር በአንድ «ኦኬ» አለቀ።

ካልቪን ከቢሮው አንድ ቅጽ ይዞ መጣ። ሰኞ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል በሩ ላይ፤ ጥበቃው እንዲያስገባ የመኪናውና የሹፌሩ ስም ይሞላ አለና ወረቀቱን ለባለ ኮንትራቱ ለሲራጁዲን ዘረጋለት። መስዑዳ ለመተርጎም አፏን ስትከፍት ወንድሟ «ገብቶኛል» አላት። ወረቀቱን የዶጁ ኮፈን ላይ ዘረጋው። ከመኪናው ቀጥሎ «ድራይቨር» የሚለው ላይ ሲደርስ በትልቁ ኤም ጻፈ። ጻፈና ብዕሩ ቆመ። ሙዓዊያም በኤም ነው የሚጀምረው። ሐሙስ የሰጠችው ወረቀት፣ የላውንድሪው እንፋሎት፣ ስምንት ዓመቱ ሁሉ ከዚያች ፊደል አጠገብ ቆሞ ይጠብቅ ነበር። ሲራጁዲን ቀና አለ፤ በአርባ ዓመት ዕድሜዋ ስሟን በእንግሊዝኛ ጽፎት እንደማያውቅ ያን ጊዜ ገባት።

«ቀጥሎ ኢ ነው አይደል?» አለ።

«ኢ ነው ጋሽ ሲራጅ» አለ ሙዓዊያ ከኋላ። «ዩ እኔ ነኝ።»

ሦስቱም ሳቁ፤ ካልቪንም ምን እንደተባለ ሳያውቅ ሳቀ። ሳንድዊቹን እዚያው ኮፈኑ ላይ በሉ። መስዑዳ ሥራዋን ሐሙስ መልቀቋን አሁን ነገረችው፤ ሲራጁዲን ጉርሻውን አላምጦ ዋጠና «ቀድመሽ ብትነግሪኝ ምን ነበረበት?» አለ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ፣ ዓይኑን ከዳገቱ ሳያነሳ፣ «ብትነግሪኝም እኔ አልሰማሽም ነበር» አለ። ከእሱ አፍ ይህን ያህል ሰምታ አታውቅም፤ ዓይኗ እንባ ሞላ፣ አልጠረገችውም።

ሲመለሱ ሙዓዊያ ፎርዱን ይዞ ከኋላ ሆነ። ሲራጁዲን ከልማድ የተነሳ ወደ ዶጁ መሪ በኩል ሄዶ እጀታውን ያዘ፤ ያዘና ለቀቀው፣ ዞሮ በሌላው በር ገባ። ሰው ሲነዳ ከጎን ተቀምጦ ዝም የማይል ሰው ነው፤ ፍሬን ያዝ፣ ታፔላውን እይ፣ አሳልፈው እያለ ነጂውን ያሰለቻል፣ ባዶ ወለል ላይ ፍሬን ሲረግጥ ይውላል። በአውቶቡስም ሆነ በአውሮፕላን ዓይኑን ከድኖ አያውቅም፤ ሁመይራ ቴክሳስን ከዳር ዳር ብትነዳለት አንዲት ደቂቃ አልተኛላትም። ስድሳ ሰባት ቁጥር መንገድ ላይ ሲወጡ ጫማውን አወለቀ። ዳላስ መሃል ሲደርሱ አንገቱ ወደ መስኮቱ ዘመመ። ስድስት መቶ ሠላሳ አምስት ላይ ሲገቡ አፉን ከፍቶ ያንኮራፋ ነበር።

የስኪልማን መውጫ ደረሰ፤ ቤታቸው ከዚያ ሦስት ደቂቃ ነው። መስዑዳ ፍሬቻ አላሳየችም። መውጫውን አልፋ ወደ ጋርላንድ ቀጥ ብላ ሄደች፣ ሙዓዊያ ግራ ገብቶት ከኋላ መብራት ሲያበራላት በመስታወቱ እያየችው። ይተኛ ብላ ነው። ደግሞም፣ እውነቱን ለመናገር፣ መንዳት ስላልጠገበች ነው።